ጃንሆይ ያዩት ክፍል

ድሮ "ሆቴል አደርኩ" ያለ ሰው የሚጠየቀው "ሊፍት አለው?" ተብሎ ነበር። አሁን ጥያቄው "ስንት ዓመቱ ነው?" ሆኗል። አዲስ ሕንፃ ላይ ማደር የተራ ሰው ነገር ሆኖ ቀረ። ደህና ገንዘብ የያዘ ሰው የሚፈልገው ግድግዳው የወፈረ፣ ወለሉ ሲረግጡት የሚያቃስት፣ ቢቻል ደግሞ አንድ ሁለት ንጉሥ የሞተበት ቤት ነው። ይህ አምሮት እኛው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ድረስ መምጣቱን ባላይ ኖሮ ዝም ብዬ በተቀመጥኩ። ከሳር ቤት እስከ ሃና ማርያም፣ ከጎፋ እስከ ጀሞ የሚኖር ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እኛ ጋ ንጉሥ የሞተበት ቤት ቀርቶ ቀለሙ የደረቀ ቤት ማግኘትም ያስቸግራል።

አምሮቱን ወደ ቤተ ዘመዳችን ያስገባችው ፍራንክፈርት የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። እስፔን ለዕረፍት ሄዳ ገዳም ውስጥ አድራ ተመለሰች። ስለት ኖሮባት አይደለም፤ በክሬዲት ካርድ ከፍላ ነው። ለገና ስትመጣ ሳሎን ሰብስባን ስልኳን እያዟዟረች፣ "ይሄ መነኩሴ ይኖርበት የነበረ ክፍል ነው፤ የግድግዳውን ውፍረት እዩት፤ መስኮቷን እዩአት ስታንስ፤ ዝምታው ደግሞ!" ስትለን አመሸች። ዝምታውን ፎቶ ላይ ማየት ባንችልም አደነቅን። አክስቴ ብቻ ስልኩን አቅርበው፣ አርቀው፣ መነጽራቸውን አድርገው ካዩ በኋላ፣ "ይቺ ልጅ ሱባኤ ገባች እንዴ?" አሉ። ሆቴል ነው ተባሉ። "ገዳም ያስከፍላል?" አሉ። ልጅቷ የአንድ ሌሊቱን ዋጋ በዩሮ ተናገረች፤ ከመካከላችን አንዱ ወደ ብር መታው። አክስቴ አማተቡ። "ደብረ ሊባኖስ ይዣት ሄጄ፣ ከተሳላሚው ጋር ሰሌን ላይ ብናድር፣ ቁንጫ በላኝ ብላ ሌሊቱን ሙሉ ስትነፋረቅ ያደረችው ይህችው አይደለችም? ያውም በነፃ!"

እስፔኖች ነገሩን ለቀልድ አልጀመሩትም። "ፓራዶር" ይሉታል፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1928 የተከፈተው ንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ አደን በሚወዱበት በግሬዶስ ተራራ ላይ ነው። ያ የመጀመሪያው እንኳ አዲስ የተሠራ ቤት ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን መንግሥታቸው ዐይኑን ጣሪያቸው ወደሚያፈስ ግንቦችና መነኮሳት ወደለቀቋቸው ገዳማት መለሰ። ሒሳቡ ግልጽ ነው። ባዶ ግንብ ቢያፈስ የሚያየው የሌሊት ወፍ ብቻ ነው፤ ሰው የሚያድርበት ግንብ ቢያፈስ ግን ከፍሎ የተኛው እንግዳ በሌሊት ሱሪ እንግዳ መቀበያው ድረስ ወርዶ ይጮኻል፤ ጣሪያውም በማግስቱ ይጠገናል። ዛሬ እንዲህ ያሉት ማረፊያዎች ከ90 በላይ ሆነዋል፤ ባለቤቱም አሁንም መንግሥት ነው።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ግራናዳ አልሃምብራ ቅጥር ውስጥ ያለው ነው። የፍራንሲስካውያን ገዳም የነበረ ሲሆን ንግሥት ኢዛቤላ አሁን ወዳሉበት የካቴድራል ጸሎት ቤት ከመዛወራቸው በፊት መጀመሪያ የተቀበሩት እዚያ ነው። ሌዮን ከተማ ያለው የሳን ማርኮስ ገዳም ደግሞ ገጣሚው ኬቬዶ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታሰረበት፣ በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜም ብዙ ሺህ እስረኛ የታጎረበት ነው፤ አሁን ነጭ አንሶላ የተነጠፈበት ሆቴል ሆኗል። ካታሎኒያ ውስጥ ካርዶና በሚባለው ግንብ 712 ቁጥር የሆነች ክፍል አለች፤ መንፈስ ይመላለስባታል እየተባለ ይወራል። የሚገርመው፣ "እሷን ካልሰጣችሁኝ" የሚል እንግዳ መኖሩ ነው። እኛ ሰፈር አንድ የኪራይ ቤት እንዲህ ቢወራበት ደላላው ራሱ በዚያ በኩል ማለፍ ያቆማል። አክስቴ ይህን ሲሰሙ "መቃብር ላይ ተኝታ፣ ከጋኔን ጋር አድራ መጣች በሉኛ!" ብለው የተቀመጠ ጠበል ፍለጋ ወደ ጓዳ ገቡ።

ከሁሉም ደስ ያሰኛቸው የሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላው ነው። ፈርናንዶና ኢዛቤላ እ.ኤ.አ. በ1499 ለደከመና ለታመመ ተሳላሚ ማረፊያና መታከሚያ ይሁን ብለው ያዘዙት ቤት ነው፤ በ1954 ሆቴል ሆነ። ዛሬም በየቀኑ ቀድመው ለሚደርሱ ጥቂት ተሳላሚዎች ነፃ ማዕድ ያቀርባል። "ይሄስ ይባረክ!" አሉ አክስቴ። የቀረው እንግዳ ስንት እንደሚከፍል አልነገርናቸውም።

የአክስቴ ግርምት የእሳቸው ብቻ አይደለም። አብልቶና አሳድሮ ገንዘብ መቀበል አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር ነውር ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. ሆቴላቸውን ያቋቋሙ ጊዜ ምግቡ ቀረበ፣ ጠረጴዛው ተነጠፈ፣ ሰው ግን ጠፋ። ማን እህል ውሃን በገንዘብ ይገዛል? ሲተረክ እንደኖረው፣ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በሉ፤ ሒሳባቸውንም ከፍለው አሳዩ። ንጉሥ ከከፈለማ ማን ያፍራል? መኳንንቱም ቀስ በቀስ እየተግደረደሩ መምጣት ጀመሩ። ዛሬ ሒሳብ ሲመጣ "እኔ ልክፈል፤ ሙት!" እየተባባልን አስተናጋጇን መሀል አድርገን የምንታገለው፣ ያ ነውር ገና ከውስጣችን ስላልወጣ ይመስለኛል። አስተናጋጇማ ለምዳዋለች፤ ታግለን እስክንጨርስ ሌላ ጠረጴዛ ታስተናግዳለች።

ያ ቤት ይኸው ዛሬም ፒያሳ ቆሟል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ተነስቶ ጃዝ አምባ የሚባለውን የሙዚቃ ቤቱን ይዞበት ሄደ፤ ሆቴሉ ግን ተጠግኖ ሥራውን ቀጠለ። በ2016 ዓ.ም. ዙሪያው ያለው ፒያሳ ሲፈራርስም እሱ ተረፈ። እንግዲህ ታሪክ ላይ መተኛት ለሚያምረው አዲስ አበቤ ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል? የእኛ ሰፈር ሰው ግን ለጾም ቡፌው ታክሲ ይዞ ይሄዳል፣ ከእንጨት ደረጃው ላይ ፎቶ ይነሳል፣ ሲመሽም ለቡ ይገባል። የአክስቴን ልጅ "ገዳም ስትፈልጊ እስፔን ከምትሄጂ፣ ለምን የእቴጌይቱ ቤት አታድሪም?" ብላት ምን አለችኝ? "ሊፍት አለው?"

እስፔንን ካነሳን አይቀር፣ አንድ ስፔናዊ እኛም አገር ቤተ መንግሥት አሠርቶ ነበር። ጴጥሮስ ፓኤዝ የሚባለው ኢየሱሳዊ ቄስ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለአፄ ሱስንዮስ ጎርጎራ ላይ፣ ጣና ዳር፣ ባለ ፎቅ ቤት አቆመላቸው። ጠራቢውን፣ አናጢውን፣ መሣሪያውን ሳይቀር ራሱ እያሳየ አሠራ ይባላል። ሰዉ ከሩቅ እየመጣ "ቤት በቤት ላይ!" እያለ ይደነቅ ነበር። (ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ውሃ በጀሪካን ለሚያወጣ ሰው ይህ አድናቆት ላይገባው ይችላል።) ፓኤዝ ያንኑ ሙያውን አገሩ ላይ ቢያሳይ ኖሮ ቤቱ ዛሬ ፓራዶር ሆኖ፣ የአክስቴ ልጅም በካርዷ ከፍላ አድራበት ነበር። እኛ ጋ ስለሠራው የተረፈልን ጣና ዳር የፈረሰ ግንብ ነው። ጎርጎራ ላይ ዛሬ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የተሠራ አዲስ ሪዞርት አለ፤ ያማረ ነው፤ እንግዳው በረንዳው ላይ ቡናውን እየጠጣ "እዚህ አካባቢ ታሪካዊ ነገር አለ?" ይላል።

እውነተኛው የእኛ ፓራዶር ያለው ሐረር ነው፤ ያውም ማንም ሳያስታውጅለት። ጀጎል ግንብ ውስጥ አንዳንድ ቤተሰብ የሚኖርበትን ቤት ለእንግዳ ያከራያል። የሐረሪ ቤት ሳሎኑ ደረጃ ደረጃ ነው፤ መቀመጫው ሁሉ ነደባ ይባላል፤ አሚር ነደባ አለ፣ ትልቅ ነደባ አለ፣ ትንሽ ነደባ አለ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የተወሰነ ነው። ከጎኑ ኪርታት የምትባል ጠባብ ክፍል አለች፤ አዲስ ሙሽሮች ጫጉላቸውን የሚያሳልፉባት። አንድ የለቡ ወዳጄ እዚያ ሄዶ አሚር ነደባው ላይ ጫማውን እንዳደረገ ወጥቶ ተንጋለለ። የቤቱ እናት ምንም አላሉትም፤ ሻይ ብቻ ሳይሰጡት ቀሩ። እሱ እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለ ቤቱ ማማር ሳይሆን ኪርታቷ ውስጥ ኔትወርክ አለመኖሩን ነው። ጫጉላ ውስጥ ማን ይደውላል? አልኩት። አልገባውም።

መቀሌም አብርሃ ካስል አለ፤ ደጃዝማች አብርሃ አርአያ ያሠሩት ቤተ መንግሥት በጃንሆይ ዘመን ሆቴል ሆኖ ብዙ እንግዳ አሳድሯል። አገሩ ስለ አሮጌ ቤት አያውቅም አይባልም። የሚያውቀው ግን ሌላ ሰው ቤት ሲሆን ነው። የራሱን ቤት በተመለከተማ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቤት ያለው ሰው እንደ ጉንፋን የሚሸሸው ነገር ቢኖር "ቅርስ ነው" ተብሎ መመዝገብን ነው። የቅርስ አዋጅ 209/1992 አለ፤ የተመዘገበ ቅርስ ያለ ፈቃድ አይፈርስም፣ አይለወጥም። ስለዚህ መዝጋቢ መጣ ሲባል ባለቤቱ ሮጦ በሩን በአዲስ የላሜራ በር ይለውጣል፤ አሮጌ እንዳይመስልበት።

አሁን ወደ ሰፈራችን። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ታሪክ የሚገኘው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ይወረሳል፣ ወይ ከምናለሽ ተራ ይገዛል። ከጎፋ ማዞሪያ ገባ ብሎ ያለ አንድ ጎረቤታችን ሁለቱንም አድርጓል። የወረሰው፣ አባቱ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ያሠሩትን ቪላ ነው። ጥርብ ድንጋይ፣ የጥድ ጣውላ ወለል፣ ባለ ሁለት ተካፋች የእንጨት መስኮት፣ ግቢው ውስጥ የኮክ ዛፍ። ይህ ሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት "ቤቱን ላዘምነው" ብሎ ተነሳ። ጣውላው ተነቅሎ ለእህቱ ሠርግ ማገዶ ሆነ፤ ሴራሚክ ተነጠፈ። ድንጋዩ ተለስኖ ነጭ ቀለም ተቀባ። መስኮቱ ወጥቶ አሉሚኒየም ገባ። ዕቃው ደግሞ በልዋጭ ሄደ። የእናቱ የከሰል ካውያ፣ ፋኖሱ፣ ሙቀጫው፣ የአባቱ ሬዲዮ፣ አንድ በአንድ "ልዋጭ! ልዋጭ!" እያለ ለሚያልፈው ልጅ ተሰጥቶ በምትኩ አንድ አረንጓዴ ሳፋና ግማሽ ደርዘን ብርጭቆ መጣ። ልዋጩ ያልወሰደውን ቆራሌው ወሰደው። ሞኝ የአባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ይዘርፋል ማለት ይኸው ነው፤ እዚህስ ጎትቶ እስከ በር ድረስ አውጥቶ ሰጠ።

ከዚያ ዘመኑ ተገለበጠ። የአክስቴ ልጅ ዓይነት ሰው በዛ። ጎረቤታችንም ከዲያስፖራው ሁሉ አፍ "ኦሪጅናል" የሚለውን ሲሰማ ጊዜ፣ "ታሪካዊ የእንግዳ ማረፊያ" የሚል ታፔላ ሰቀለ። ግን ታሪኩ የት አለ? ሴራሚኩ ተነቅሎ ጣውላ የሚመስል ሴራሚክ ተነጠፈ። ግድግዳው ላይ ድንጋይ የሚመስል ወረቀት ተለጠፈ፤ ከስሩ እውነተኛው ድንጋይ ልስን ውስጥ ተቀብሮ ተቀምጧል። ለዕቃው ምናለሽ ተራ ወረደ። የከሰል ካውያ ገዛ፣ ፋኖስ ገዛ፣ ጋሻና ጦር ገዛ፣ እጀታው የሚዞር ስልክ ገዛ፣ ኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና ገዛ። ካውያውን ሳየው እጀታው ላይ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። አባቱ ያንን ሽቦ ሲጠመጥሙ ያየሁ ሰው ነኝ፤ የእንጨቱ እጀታ ተሰንጥቆ ነበር፤ ፒንሳ ይዤላቸዋለሁ። "ይሄ የእናትህ ካውያ አይደለም?" ብለው ደነገጠና፣ "ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ይሄ የራስ ተሰማ ቤት ካውያ ነው፤ ሻጩ ነግሮኛል" አለኝ። በሳፋ የሄደው ካውያ በሺህ ብር ተመልሶ፣ በመንገድ ላይ ደግሞ ማዕረግ አግኝቷል። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሳፋውም እስካሁን አለ፤ ሰራተኛዋ ወለል ስትወለውል ትይዘዋለች።

ክፍሎቹ በማዕረግ ተሰይመዋል። የእቴጌ ክፍል፣ የራስ ክፍል፣ የደጃዝማች ክፍል፣ ከዚያ እየወረደ ይሄዳል፤ ዋጋውም እንደዚያው። ፊታውራሪ መታጠቢያ ቤቱ ውጭ ነው። ባላምባራስ መስኮት የለውም። የደጃዝማች ክፍል ያልተያዘ እንደሆነ አንድ ባላምባራስ ጥቂት ብር ጨምሮ በዚያው ሌሊት ደጃዝማች ይሆናል፤ በድሮው ሥርዓት ይህን ያህል ሹመት ለማግኘት ስንት ዘመቻ ይፈልግ ነበር! ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሮቶውም ሲያልቅ ያልቃል። አንድ እንግዳ ሳሙና ቀብቶ ቆሞ ሲጣራ፣ እንግዳ ተቀባዩ ልጅ ከበሩ ውጭ ሆኖ ምን አለው መሰላችሁ? "ጋሼ፣ ጥንት የቧንቧ ውሃ ነበረ እንዴ?" ይህ መልስ የኋላ ኋላ ለሁሉም ነገር አገለገለ። መብራት ሲጠፋ ፋኖስ፤ ኢንተርኔት ሲቆረጥ "በጥንት ዘመን..."፤ ቁርስ ሲዘገይም እንዲሁ። ሒሳብ መክፈያው ላይ ብቻ ጥንትነቱ ይቆማል፤ በሞባይል ይተላለፋል።

አንድ ነገር ግን ጎደለው። የታወቀ ሰው ያደረበት ክፍል የለውም። ይህ ደግሞ የማረፊያ ሁሉ ሕመም ነው። በየክፍለ ሀገሩ "ጃንሆይ የተኙበት አልጋ" ያላሳየኝ አሮጌ ሆቴል ጥቂት ነው፤ አልጋዎቹ ሁሉ እውነት ከሆኑ፣ ግርማዊነታቸው በነገሡባቸው 44 ዓመታት ውስጥ ከመተኛት ሌላ ጊዜ ያገኙ አይመስለኝም። ጎረቤታችን አንድ ቀን ጠርቶ ቡና ጋበዘኝ። የሚጽፍ ሰው ነህ ሲባል የሚመጣብህ ቡና ነጻ አይደለም።

"ለአራተኛው ክፍል አንድ ታሪክ ጻፍልኝ" አለኝ። "አጭር፤ በነሐስ የሚቀረጽ።"

"ማን አድሮበት ነበር?" አልኩት።

"እሱን ነው የምልህ፤ አንተ ጻፈው።"

አራተኛው ክፍል ከዋናው ቤት ጀርባ ያለው ሰርቪስ ነው። ታሪኩን አውቀዋለሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ አባቱ ዋናውን ቤት ይዘው ቀሩ፤ ሰርቪሱ ውስጥ የነበሩት ተከራዮች ግን ደባል ሆነው እዚያው ኖሩ። ወጥ ቤቱ የጋራ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ የሳምንታዊ ጠብ ምንጭ። ልጆች ተወለዱበት፤ ከልጆቹ አንዱ ለዘመቻ ሊታፈስ ሲል ሽማግሌው አባት፣ የቤቱ ባለቤት፣ አልጋቸው ስር ደበቁት። ከደባሎቹ ጋር ተኮራርፈው ለዓመታት ያልተነጋገሩ ሰው ነበሩ፤ ያን ሰሞንም አልተነጋገሩም፤ ደብቀውት ብቻ ዝም አሉ። ይህን ጻፍ ብትለኝ ነሐሱ አይበቃም አልኩት።

"አይ፣ እሱን ተወው" አለኝ። "ደባል ኖረበት ብዬ ልሸጥ? ማን ይከፍልበታል?"

"እስፔን እስር ቤት ውስጥ ከፍለው ይተኛሉ።"

"እነሱ እስር ቤታቸው ግንብ ነው፤ የኔ ኮርኒስ የሌለው ሰርቪስ ነው። ጃንሆይን አስገባልኝ።"

"ጃንሆይ እዚህ አልመጡም።"

አሰበ። "ቢሾፍቱ ቤተ መንግሥት ሲሄዱ ግን በንፋስ ስልክ መንገድ ያልፉ ነበር፤ አይደል?"

ያልፉ ነበር።

"ይኸው! መኪናቸው ውስጥ ሆነው ቀና ቢሉ የኛ ጣሪያ ይታያቸዋል። ያኔ መሀል ላይ ሜዳ ነበር፤ ቆርቆሮው አዲስ ነበር፤ ያብለጨልጭ ነበር። አላዩትም ልትል ትችላለህ?"

አላዩትም ልል አልቻልኩም። በሳምንቱ ነሐሱ ተሰቀለ፤ "ግርማዊ ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ያዩት ክፍል" ይላል። የክፍሉ ስም ከፊታውራሪ ወደ ንጉሠ ነገሥት ተዛወረ፤ ዋጋውም ከእቴጌይቱ በለጠ።

ባለፈው የገብርኤል ዕለት፣ ከጎፋ ገብርኤል መልስ፣ አንዲት እናት ነጠላቸውን እንደለበሱ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ወደ ግቢው ገቡ። ደባል ከነበሩት አንዷ ናቸው፤ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ጀሞ ከገቡ ቆይተዋል። እኔም የጠበል ጠዲቅ ቅሪት ስለማይጠፋ እዚያው ነበርኩ። ኮኩን አዩ፣ ቆራጭ አላገኘውም ብለው አመሰገኑ። ሰርቪሱ በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ምን ይላል ይሄ?" አሉ። ልጁ አነበበላቸው።

"ጃንሆይ ከመቼ ወዲህ ነው ወጥ ቤት የሚያዩት?"

ጎረቤታችን ሳቀና፣ "እማማ፣ ለእንግዳ ነው እኮ" አላቸው።

"የትኛው እንግዳ? እዚህ ሽንኩርት ስከትፍ ደርግ መጥቶ ደርግ ሄደ። ሁለተኛው ልጄን እዚያች ጥግ ላይ ነው የወለድኩት፤ አዋላጇ ሳትደርስ። አባትህ ኩርፊያቸውን ሳይተዉ በመስኮት ሙቅ ውሃ አቀበሉኝ። ጃንሆይን እኔ አላየኋቸውም።"

"እማማ፣ እሱ እኮ ኑሮ ነው፤ ታሪክ አይደለም።"

እማማ ወደ ውስጥ ብቅ ብለው አልጋውን አዩ፣ ጋሻውን አዩ፣ ካውያውን አንስተው ገለበጡና ሽቦውን በጣታቸው ዳበሱት፤ ምንም ሳይሉ መልሰው አስቀመጡት። "ለመሆኑ አንድ ሌሊት ስንት ነው?"

ነገራቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ "እንግዲያው ስማኝ ልጄ። ጃንሆይ ካዩት ይህን ያህል ካስከፈለ፣ እኔ የኖርኩበትማ አይብስም? ጀሞ ቤቴ ያኔ የተነሳሁት ፎቶ አለኝ፤ በሩ ላይ ቆሜ፣ የመጀመሪያውን ልጄን አዝዬ፣ ኋላዬ ገመዱ ላይ ልብስ ተሰጥቶ። አመጣልሃለሁ። ከጃንሆይ ጎን ስቀለኝና ገንዘቡን እኩል እንካፈላለን" አሉት።

እኔ ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ነሐሱ የተሰቀለበትን ግድግዳ በዐይኑ ለክቶ፣ ወደ እማማ ጠጋ አለና፣

"ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው?" አላቸው።